ታካሚው የሚቀመጥበት ቦታ፦ ለጤና ባለሙያ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ ከባሕር ዳር ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ የተመደበች አንዲት ጀማሪ ነርስ ልትጠይቀኝ ቤቴ መጥታ ነበር። ቡናው እየተቀዳ ሳለ፣ «የዝሆኔ ሕሙማን የሚመጡት ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው፤ ለምን ቀደም ብለው አይመጡም? የቀረን ማስተማር ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። በቅን ልብ የቀረበ ጥያቄ ስለነበረ በአጭሩ መለስኩላት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ዝሆኔ ስለነበረባቸው አንዲት የልጅነት ጎረቤታችን ሳስብ አመሸሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳሁት ለነርሷ የሰጠኋት መልስ ስላልበቃኝ ነው።

እትዬ እያልን የምንጠራቸው እኚህ ጎረቤታችን ቀይ አፈር ከሚበዛበት ከመራዊ ገጠር በትዳር ወደ ባሕር ዳር የመጡ ሴት ነበሩ። ልጅነታቸውን በባዶ እግራቸው ሲያርሙ፣ ሲጎለጉሉ፣ ከብት ሲያግዱ ነው ያሳለፉት። እኔ ነፍስ ሳውቅ ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበታቸው በታች አብጠው፣ ቆዳው ሻክሮና ጎባብጦ፣ በጣቶቻቸው መካከል ተሰነጣጥቆ ነበር። ፈትላቸው ግን በሰፈሩ አቻ አልነበረውም። ክሩ ቀጭንና እኩል ሆኖ ስለሚወርድላቸው ለበዓል ቀሚስ የሚያሠሩ ሴቶች ሁሉ ለእሳቸው ያስፈትሉ ነበር፤ ነገር ግን ባዘቶውን በልጅ ይልካሉ፣ ልቃቂቱን ከደጃፍ ይቀበላሉ፣ ገንዘቡንም መደቡ ላይ አኑረው ይመለሳሉ። ሰው ወደ በሩ ሲጠጋ እትዬ የባዘቶውን ቅርጫት በእጃቸው ሳብ አድርገው ከእግሮቻቸው ፊት ያቆሙት ነበር። እንዝርቱ ሳይቆም፣ ዓይናቸውም ከክሩ ሳይነሳ ነበር ቅርጫቱን የሚያንቀሳቅሱት።

ቤታቸው ገብቶ ቡና የሚጠጣ ሰው ከእናቴ በቀር እምብዛም አላስታውስም። እናቴ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነበረች፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ የነገራትም አልነበረም። ምናልባት ይተላለፋል ብላ እየፈራችም ይሆናል የገባችው። ይህንን ዛሬም አስበዋለሁ፤ እኛ ዕውቀት ይዘን የምናደርገውን እሷ ያለ ዕውቀት ታደርገው ነበርና።

እትዬ በየወሩ በ21 የሚጠጣ የማርያም ማኅበር ነበራቸው። ተራቸው ደርሶ ሲደግሱ ሰዎች ጠላውን እየተቀበሉ ሳይጠጡት ማስቀመጣቸውን ካዩ በኋላ ግን መዋጯቸውን በልጃቸው እየላኩ እሳቸው ቤት መዋል ጀመሩ። ለልጃቸው ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ «ዘራቸው ነው» የሚል ወሬ ተሰምቶ ጋብቻው ፈረሰ። ያን ጊዜ ያለቀሱት ልጅቱ እንጂ እሳቸው አልነበሩም፤ እሳቸው ፈትላቸውን ቀጠሉ።

አንድ የክረምት ቀን በሽታው ተነሳባቸው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ጀመራቸው፤ ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት ወጣ፤ እግራቸውም ቀልቶ መርገጥ አቃታቸው። እናቴ ደግፋ ወደ አንድ የሕክምና ተቋም ወሰደቻቸው፤ እኔም ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩ። በበረንዳው ላይ በነበረው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ሲቀመጡ ከአጠገባቸው የነበረችው ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተነሳች፤ ቀጥሎ ሌላው ተነሳ። ዘበኛው መጣና፣ በክፋት ሳይሆን በለሰለሰ ድምፅ፣ «እናቴ፣ እዚያ አጥሩ ሥር ቢቀመጡ ይሻላል፤ ተራዎ ሲደርስ እጠራዎታለሁ» አላቸው። አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ከውስጥ ስማቸው ሲጠራ ስላልተሰማን አለፈ፤ ካርዳቸውም ከሥር ገባ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሌላው ሁሉ ታይቶ ካበቃ በኋላ ተጠሩ። ባለሙያው ከበሩ ላይ ሆኖ እግራቸውን ተመለከተና፣ «ይህ መድኃኒት የለውም፤ ቤትዎ ሄደው ይረፉ» ብሎ የትኩሳት ክኒን አዘዘላቸው። ሳይነካቸው፣ ሳያስቀምጣቸው፣ መቼ እንደጀመራቸው እንኳ ሳይጠይቃቸው አለቀ። እትዬ አልተቆጡም። በመንገድ ላይ ለእናቴ፣ «ድሮም የቀረሁበት ይሻለኝ ነበር» አሏት። ከዚያ ወዲያ፣ በየክረምቱ እየተነሳባቸው ቢተኙም፣ ሕክምና እንዲሄዱ ማንም ሊያግባባቸው አልቻለም። እኔ ነርስ ሆኜ ከባሕር ዳር ርቄ በምሠራበት ዘመን አረፉ።

የሚቆጨኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። ያ ባለሙያ «መድኃኒት የለውም» ያለው የሚያውቀውን ነው፤ ነገር ግን ዝሆኔ ምንም የማይደረግለት በሽታ አልነበረም። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ እየሠራ የበሽታውንና የቀይ አፈሩን ግንኙነት መርምሮ ጽፎ ነበር። በእሳተ ገሞራ ምክንያት ከተፈጠረው ከዚህ አፈር በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ ፈሳሽ ከእግር የሚመልሱት የሊምፍ ቧንቧዎችም ይቆጣሉ፤ በተፈጥሮው በተጋለጠ ሰው ላይ ቧንቧዎቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠበቡ ፈሳሹ ከእግር ወደ ላይ መመለስ ያቅተዋል። በቆላማ አካባቢዎች በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዓይነት ዝሆኔ አለ፤ የእኛ የደገኞቹ ግን ከማንም ወደ ማንም አይተላለፍም። ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታና በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ባለበት፣ አፈሩ ቀይ በሆነበት ሀገር ይበዛል፤ ጎጃም ደግሞ ይህንን ሁሉ አሟልቶ ይዟል። በኢትዮጵያ የሕሙማኑ ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። «ዘራቸው ነው» ያሉት ሰዎችም ፈጽመው አልተሳሳቱም፤ ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ውስጥ ይታያል። ከልጅነቱ ጀምሮ ተጫምቶ ያደገ ልጅ ግን የአያቱ በሽታ አይደርስበትም፤ ሽማግሌዎቹም ጋብቻ የሚያፈርሱበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ዝሆኔ ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር በብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ታተመ፤ እግርን አዘውትሮ ማጠብና መንከባከብ የሕመሙን መነሳት በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንሰው አሳየ። አንድ አምስተኛ ለእናንተ ትንሽ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። በአጨዳ ወራት ከአምስት ጊዜ አንዱን ከመተኛት የዳነ ገበሬ ግን ምን ያህል እንደሆነ ያውቀዋል።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በነበሩት ዓመታት ይህንን አጠባ በእጄ ሠርቼዋለሁ። በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ይቀርባል፤ እግሩ በሳሙና በቀስታ ይታሻል፤ በጣቶቹ መካከል ቀጭን ጨርቅ እየገባ ይጸዳል። የመጀመሪያው ውኃ ጠቁሮ ይደፋል፤ ሁለተኛው ይጠራል። ቀጥሎ ጥቂት በረኪና ተመጥኖ በተጨመረበት ውኃ እግሩ ይነከራል፤ በደንብ ይደርቃል፤ ቫዝሊን ይቀባል፤ ካልሲና ጫማ ይከተላል፤ ሌሊት እግሩ ከፍ ተደርጎ ይታደራል። ሕክምናው በአመዛኙ ይኸው ነው። ሽታው በሳምንታት ውስጥ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ሽታው የጠፋለት አንድ ሽማግሌ ከዓመታት በኋላ ሰንበቴ ገብተው ከሰው እኩል ተቀምጠው ሲበሉም አይቻለሁ። ሳሙናና ውኃ በእትዬ ቤት ነበሩ። ማንም አልነገራቸውም እንጂ በየቀኑ እጃቸውን የሚታጠቡበት ሳፋ እንኳ ከበሩ ጀርባ ተደፍቶ ይቀመጥ ነበር።

እንግዲህ «ለምን ቀደም ብለው አይመጡም?» ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ፣ ብዙዎቹ ቀደም ብለው መጥተው ነበር የሚል ነው። ዘግይተው ስታዩአቸው የምታዩት ሁለተኛ አመጣጣቸውን ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ተመልሰዋል። ስለዚህ ከማስተማር በፊት አስቀምጡ። አግዳሚው ላይ፣ ከሌላው ሰው መካከል፣ በተራቸው አስቀምጡ። ሌላው ታካሚ ከተነሳ እናንተ ሄዳችሁ በባዶው ቦታ ተቀመጡ፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አጠገባቸው ሲቀመጥ ሕዝቡ ከየትኛውም ስብከት የበለጠ ይማራል። ዘበኛውንና የካርድ ክፍል ሠራተኛዋን ከሥልጠናችሁ አታስቀሩ፤ ታካሚው ከሐኪሙ በፊት የሚያገኘው እነሱን ነው። ከዘጌና ከደሴቶቹ በጀልባ የሚመጣ ሰው የሚደርሰው ጀልባው ሲደርስ ነውና፣ የካርድ መስኮቱ በጠዋት ቢዘጋበት በሽታውን ይዞ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። በዕድሜ የገፋን ገበሬ «አንተ» ብላችሁ አትጥሩ፤ እኔ ይህንን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ነገር ግን በየጤና ተቋሙ እሰማዋለሁና ጻፍኩት።

ብዙዎቹ ወደ እናንተ የሚመጡት ጠበል ቆይተው ነው። «ለምን እዚያ ጊዜ ታቃጥላላችሁ?» ብሎ መቆጣት በሩን መዝጋት ነው። የቀድሞው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸው ስንቱን ሰው ወደ ሕክምና እንደመለሰ የእኛ ትውልድ ነርሶች እናውቃለን። በጠበል ቦታ እግሩን የሚያጥብ ሰው እኮ ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ሳሙናውንና ቅባቱን እናንተ ጨምሩለት።

ሕዝቡ የሚያደርገውን ቆም ብሎ ማየት ለሳይንስም ይበጃል። ቢልሃርዚያ በጣና ዙሪያ የታወቀ የትል በሽታ ነው፤ እንዶድ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀው ግን በባሕር ማዶ ላቦራቶሪ አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው ነው ምርምሩ የተጀመረው። ለማየት ደግሞ ወንዝ መውረድ ነበረባቸው። የዛሬ ልጆች ይህንን ለማድረግ ጊዜ እያጠራችሁ ነው ብዬ እሰጋለሁ። ሪፖርቱ፣ ስልኩ፣ አዳራሽ ውስጥ የሚሰጠው ሥልጠናና አበሉ የቤት ለቤቱን ሰዓት እየበሉት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች የተመደቡት በእግራቸው ከቤት ቤት እንዲሄዱ ነበር። ነገር ግን ከእኛ የምትሻሉበትንም አልሸሽግም፤ እናንተ የሰው ቁስል ከመንካት አትሸሹም፤ በእኔ ዘመን ብዙዎቻችን በሩ ላይ እንቆም ነበር።

ስለ ጫማ አትጀምሩ። ጫማ መግዣ ለሌለው ሰው ስለ ጫማ መስበክ ድህነቱን መንገር ነው፤ ያበጠ እግሩም በገበያ ጫማ ውስጥ አይገባም። ይህንን ካልኩ በኋላ ግን ጫማ ካልተገኘ የታጠበው እግር ተመልሶ ቀዩን አፈር እንደሚረግጥ አውቃለሁና፣ ለልጆቹ ጫማ እንዲገዛ ዕድሩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የሰበካ ጉባኤውን ሳታፍሩ ለምኑ። በትልቅ ልክ ጫማ የሚሰፋ ሰው በከተማችሁ ካለ አገናኙ። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች በእነዚህ ሕሙማን ላይ ድባቴ ከጎረቤቶቻቸው እጅግ በልጦ እንደሚታይ አሳይተዋልና፣ እግራቸውን ስታጥቡ እንቅልፋቸውንና ምግባቸውን፣ ማን ቤታቸው እንደሚመጣም ጠይቁ። ማኅበራቸውን ከተዉ፣ ከማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ከመሪው፣ ጋር ተነጋግራችሁ እንዲመለሱ ማድረግ ከሥራችሁ ውጪ አይደለም።

ክረምት ሳይገባ፣ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሕመሙ ሳይነሳባቸው፣ በግንቦት ወር በየቀበሌያችሁ ቤት የተቀመጡትን ፈልጓቸው። የትኛው ቤት እንደሆነ ለማወቅ ከጽሕፈት ቤቱ ይልቅ ውኃ የሚቀዱ ሴቶችን ጠይቁ። ስትሄዱ ሳሙናና ቫዝሊን ያዙ፤ ሳፋውንና ውኃውን ግን ከቤቱ ተበደሩ፤ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የሚቀረው እሱ ነውና። የመጀመሪያውን እግር እናንተ እጠቡ፤ ሁለተኛውን ባለቤቱ ወይም ልጁ ይጠብ። ባሕር ዳር ዙሪያ የምትሠሩ ከሆነና አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ካጣችሁ ጥሩኝ፤ ዳገት መውጣት ቢያቅተኝም ተቀምጦ ለማጠብ እጄ አሁንም ደኅና ነው።