ደረጃ ስትወጣ የዋይፋይ ጥሪ ለምን ይቆረጣል?

ሦስት ፎቅ ላይ ሦስት ራውተር ሰቅያለሁ፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ግን በዋይፋይ እያወራሁ ደረጃ ስወጣ ጥሪው ይቆረጣል ላልከው ወንድሜ።

ይሄ ጉዳይ እኔን አንድ ሳምንት ሙሉ አልፍቶኛል። አንድ ገስት ሃውስ ውስጥ ነው። ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራው ልጅ በሞባይሏ እያወራች ስትወጣ ሁሌም እዚያው የደረጃው መታጠፊያ ላይ "ሃሎ? ሃሎ?" ትላለች። እኔ ሲግናል ሲግናል ስል ስንት ቀን አቃጠልኩ።

አንተ መጀመሪያ አይፒ አድራሻህን፣ ማለትም ኔትወርኩ ለስልክህ የሰጠውን ቁጥር እይ። ታች ሆነህ ስልክህ ላይ የሚያሳየውን ጻፈው፣ ውጣና ደግመህ እይ። እኔ ታች 192.168.1.23፣ ላይ 192.168.0.104 አገኘሁ። አለቀ፣ ችግሩ እሱ ነበር። ገመዱ ዋን (WAN) የሚለው ቀዳዳ ላይ ስለተሰካ እያንዳንዱ ራውተር የራሱን ኔትወርክ ፈጥሮ ተቀምጧል፤ ስምና ፓስወርዳቸው አንድ ቢሆንም ለስልኩ ሌላ ቤት እንደመግባት ነው። አድራሻው መሃል ላይ ሲቀየር አንዳንዱ አፕ እንደምንም ይመለሳል፣ አንዳንዱ ይዘጋል። ስለዚህ ከዋናው በስተቀር የሌሎቹን ዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለውን) አጥፋ፣ የማይጋጭ አድራሻ ስጣቸው፣ ገመዱን ወደ ላን (LAN) ቀዳዳ አዙር። አክሰስ ፖይንት ሞድ (የራሱን ኔትወርክ ሳይፈጥር ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭበት) ካላቸው እሱን ምረጥ፣ ሁሉንም ራሱ ይጨርስልሃል።

ከዚያ ራውተሮቹ ሲግናል የሚልኩበትን ኃይል ቀንስ። አዎ ቀንስ! ወደ ሌላው ራውተር መቼ እንደሚሻገር የሚወስነው ስልኩ ነው። አይፎን ለምሳሌ ሲግናሉ ከ-70 ዲቢኤም (የሲግናል መለኪያ ነው፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይጠነክራል) በታች ካልወረደ ሌላ መፈለግ አይጀምርም። የታችኛው ራውተር በሙሉ ኃይሉ ከጮኸ ስልክህ ላይኛው ፎቅ ድረስ ይሰማዋል፣ የስልኩ ደካማ ድምፅ ግን ተመልሶ አይደርስም። ሙሉ ሲግናል እያየህ ድምፅ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። መካከለኛ ላይ አድርገው፣ መታጠፊያው ላይ ሁለቱም -67 አካባቢ ቢሰሙ ጥሩ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናላቸውን 1፣ 6 እና 11 አድርገህ ለያያቸው።

ቪዲዮ ስታይ ይሄ የማይታወቅህ ቀድሞ ስለሚያጠራቅም ነው። ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ ነው የሚላከው፣ አንድ ሰከንድ ከጠፋ 50 ፓኬት (የድምፅ ቁራጭ) ሄደ ማለት ነው።

ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ 802.11ኬ (k) እና ቪ (v) የሚሉ ምርጫዎች ካሉ አብራቸው፤ ስልኩ ቻናል ሁሉ ከሚያስስ አጠገቡ ያሉትን ራውተሮች ይነግሩታል። 802.11አር (r)፣ ሽግግሩን የሚያፈጥነው፣ ግን ተራ ፓስወርድ ላለው ቤት ያን ያህል አያስፈልግም፣ አንዳንድ የቆየ ስልክም ጭራሽ አልገናኝ ይላል። ሪፒተር ግዛ የሚልህን አትስማ። ብዙዎቹ በዚያው ቻናል ተቀብለው ስለሚደግሙ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሱታል።

ስትሞክር ሰው ደውልና ደረጃውን እየወጣህ ጮክ ብለህ ቁጠር፣ የጎደለውን ቁጥር እሱ ይንገርህ። እኛ ሳናስተካክል ከ9 እስከ 13 ይጠፋ ነበር፣ በኋላ አንድም አልጎደለም። የሁለቱን ፎቅ አድራሻ እዚህ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።