ለ«ኮንትራት ማደሻ» 180 ፓውንድ? አትክፈዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ለንደን ውስጥ በኤጀንት የተከራየሽው ቤት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ኤጀንቱ «አዲስ የ12 ወር ኮንትራት እናዘጋጃለን፣ ማደሻው 180 ፓውንድ ነው» ብሎ ኢሜይል ልኮልሻል። ከሥር ገሚሱ «ክፈዪና ተገላገዪ» ብሏል። አንድ ወንድማችን ደግሞ «ኤጀንቱም ሠርቶ ነው የሚበላው፣ ማደሻ ከቀረ ኪራይ ላይ ይጨምሩታል» ሲል ተከራክሯል።

መክፈል የለብሽም። እንግሊዝ ውስጥ ከተከራይ ማደሻ መቀበል ክልክል ነው፤ የከለከለው «ቴናንት ፊስ አክት» የሚባለው የ2019 ሕግ ነው። ከጁን 1 ቀን 2019 ጀምሮ በአዲስ ውሎች ላይ፣ ከጁን 1 ቀን 2020 ጀምሮ ደግሞ ከዚያ በፊት በተፈረሙትም ላይ ይሠራል። ስለዚህ «ኮንትራትሽ ላይ ተጽፏል፣ ፈርመሻል» የሚለው ክርክር አያዋጣም። ሕግ የከለከለውን ክፍያ ፊርማ አያጸድቀውም።

ሕጉ የተጻፈበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። የተከለከሉትን አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ የተፈቀዱትን ይቆጥርና የቀረውን ሁሉ ይከለክላል። ኤጀንቱ «ማደሻ አይቻልም የሚል የት አለ?» ካለሽ «ይቻላል የሚለውን አሳየኝ» በዪው። የተፈቀዱት ጥቂት ናቸው፦ ኪራዩ ራሱ፤ ተመላሽ ዲፖዚት፤ ቤቱን ለማስያዝ ከአንድ ሳምንት ኪራይ የማይበልጥ ቀብድ፤ ውሉ ላይ ካለ የመብራት፣ የውኃ፣ የኢንተርኔት፣ የቲቪ ላይሰንስና የካውንስል ታክስ ወጪ፤ ኪራይ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ሲዘገይ ወለድ፣ እሱም በዓመት ከእንግሊዝ ባንክ መነሻ ወለድ ላይ 3 በመቶ ቢጨምር ነው፤ ቁልፍ ሲጠፋ በደረሰኝ የተደገፈ የማስቀረጫ ዋጋ፤ ጊዜው ሳይደርስ ለመልቀቅ አንቺ ስትጠይቂ በእርግጥ የደረሰ ኪሳራ፤ በመጨረሻም በአንቺ ጥያቄ ውሉ ሲለወጥ 50 ፓውንድ።

ይቺ 50 ፓውንድ ናት ብዙ ሰው የምታሳስተው። አንዳንድ ኤጀንት 180ውን ትቶ «እሺ፣ የውል ለውጥ 50 ብቻ» ይላል፤ ሰውም ቅናሽ ያገኘ መስሎት ደስ ብሎት ይከፍላል። መለኪያው ግን ለውጡን ማን ጠየቀ የሚለው ነው። አብሮሽ የሚኖረው ሰው ወጥቶ ሌላ እንዲተካ ብትጠይቂ፣ ወይም ቤት ውስጥ ንግድ ለመሥራት ፈቃድ ብትጠይቂ 50 ሊያስከፍሉሽ ይችላሉ፤ ከ50 በላይ ከጠየቁ ወጪውን በማስረጃ ማሳየት አለባቸው። እነሱ «መቆየት ትፈልጊያለሽ?» ብለው ጽፈው አንቺ «አዎ» ማለትሽ የለውጥ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ መልስሽ ላይ «ውሉ እንዲታደስልኝ እጠይቃለሁ» የሚል ቃል አታስገቢ። «ቤቱ ውስጥ እቆያለሁ» ይበቃል።

ማደሻ ስሙን እየለወጠም ይመጣል። «ሬፈረንስ እንደገና ማጣራት»፣ «ኢንቨንተሪ ማደስ»፣ «ዲፖዚቱን እንደገና ማስመዝገብ»፣ «የወረቀት ሥራ» ይባላል፤ ሁሉም ክልክል ነው። የእኛን ሰው በብዛት የሚነካው ግን የራይት ቱ ሬንት ምርመራ፣ ማለትም እዚህ አገር ቤት ለመከራየት ፈቃድ እንዳለሽ ማጣራት ነው። የመኖሪያ ፈቃድሽ የጊዜ ገደብ ካለው ጊዜው ሲደርስ እንደገና ማጣራት የአከራዩ ግዴታ ነው፤ ግዴታው የሱ ስለሆነ ወጪውም የሱ ነው። ከአንቺ የሚጠበቀው ከመንግሥት ድረ ገጽ ሼር ኮድ አውጥቶ ከልደት ቀንሽ ጋር መስጠት ብቻ ነው። ለኪራይ የሚሆነው ኮድ በአር ፊደል ይጀምራል፣ ለ90 ቀን ያገለግላል፣ ሲያልቅ ሌላ ታወጫለሽ፣ በነፃ ነው። «ለቪዛ ማጣሪያ 60 ፓውንድ» የሚል ደረሰኝ ከመጣ እሱም ያው ማደሻ ነው፣ ልብሱን ቀይሮ።

ዲፖዚቱንም በዚሁ አጋጣሚ አስዪው። ዓመታዊ ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ከሆነ ጣሪያው የአምስት ሳምንት ኪራይ ነው። ብዙዎች ወርሃዊውን ለአራት ይካፈላሉ፤ ስሕተት ነው። በወር 1,500 የምትከፍዪ ከሆነ በ12 አባዝተሽ 18,000፣ ለ52 አካፍለሽ 346.15፣ በ5 ስታባዢው 1,730 ፓውንድ ከ76 ፔንስ ይመጣል። ለአራት የተካፈለ ኤጀንት ግን 1,875 ይጠይቅሻል፤ 144 ፓውንድ ትርፍ ነው። ከጣሪያው ያለፈው እንደ ክልክል ክፍያ ይቆጠራል፣ ይመለሳልም።

አሁን ወደ ዋናው። ማደስ የሚባለው ነገር ራሱ ድሮም ግዴታ አልነበረም። በ1988ቱ የቤቶች ሕግ መሠረት የ12 ወሩ ውል ሲያልቅ ማንም ምንም ባይፈርም ተከራዩ በዚያው ኪራይና በዚያው ሁኔታ ከወር ወር ይቀጥል ነበር። ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ በአዲሱ የተከራዮች መብት ሕግ ከግል አከራይ ጋር ያለ መደበኛ ውል ሁሉ፣ ነባሩም ጭምር፣ መጨረሻ የሌለው የወር በወር ውል ሆኗል። መልቀቅ ስትፈልጊ የሁለት ወር ማስታወቂያ ትሰጫለሽ፤ እስከዚያ ውሉ አያልቅም። የማያልቅ ነገር ደግሞ አይታደስም። የላኩልሽ የ12 ወር ኮንትራት አንቺን ለ12 ወር ማሰር አይችልም፤ እንዲያውም በጊዜ የተገደበ ውል ማቅረብ አከራዩን ራሱን በካውንስል (በአካባቢው አስተዳደር) ሊያስቀጣው ይችላል። በ180 ፓውንድ የሚሸጡልሽ ዕቃ የለም ማለት ነው።

ኪራይ መጨመር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከማደሻ ጋር አታደባልቂው። አከራዩ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሴክሽን 13 በሚባለው ሥርዓት፣ በተወሰነው ቅጽና በሁለት ወር ማስታወቂያ ሊጨምር ይችላል። በኢሜይል «ከሚቀጥለው ወር 1,650 ነው» ማለት አይበቃም። ጭማሪው ከአካባቢው ገበያ በላይ ከመሰለሽ፣ የሚጀምርበት ቀን ሳይደርስ እንዲህ ያለውን የኪራይ ክርክር ወደሚያየው ልዩ ችሎት፣ ወደ ትራይቢውናል ማቅረብ ትችያለሽ፤ ትራይቢውናሉ አከራዩ ከጠየቀው በላይ አይወስንም። በሠፈርሽ ተመሳሳይ ስፋት ያላቸውን ቤቶች ማስታወቂያ ከነዋጋቸው ፎቶ አንስተሽ ያዢ።

ወንድማችን ያነሳው የፍትሕ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ኤጀንት በነፃ ይሥራ የሚል የለም። ጥያቄው ማን ቀጠረው ነው። አዲስ አበባ ላይ ደላላ ከሁለቱም ወገን መብላቱን ለምደን መጥተናል፤ እዚህ ግን ኤጀንት የአከራዩ ወኪል ነው፣ ከአከራዩ ከኪራዩ በመቶኛ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ ተከራዩ በቆየ ቁጥር አከራዩን ለብቻው የማደሻ ኮሚሽን ያስከፍለዋል። «ፈርሚ፣ ፈርሚ» የሚለው ጥድፊያ አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። በ2009 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፎክስተንስ በሚባለው የቤት ኤጀንት ጉዳይ፣ በውሉ ጥቃቅን ጽሑፍ ውስጥ የተቀበረ እንዲህ ያለ የማደሻ ኮሚሽን ለተራ አከራዮችም ፍትሐዊ አይደለም ብሎ ወስኗል። ከአከራዩ እየተቀበሉ ለዚያው ወረቀት ከተከራዩም መቀበል አንዱን ሥራ ሁለቴ መሸጥ ነው። ሥራውም ቢሆን ስምና ቀን ቀይሮ ሰነዱን መላክ ነው።

«ኪራይ ላይ ይጨምሩታል» ለሚለው፦ ሊጨምሩት ይችላሉ። ግን ልዩነት አለው። ኪራይ ቤቱን ከመያዝሽ በፊት ይታያል፤ ከሌላ ቤት ጋር አወዳድረሽ «ውድ ነው» ብለሽ ትሄጃለሽ። ማደሻ ግን የሚመጣው ልጆችሽ ትምህርት ቤት ከገቡ፣ ሥራሽ ከቀረበልሽ፣ ዲፖዚትሽ ከታሰረ በኋላ ነው። ለመልቀቅ ቫን፣ ቀብድ፣ አዲስ ዲፖዚት ሲደመር ከሺህ ፓውንድ በላይ ስለሚያስወጣሽ 180 ሲጠየቅ «ትንሽ ናት» ትያለሽ። ዋጋውን የሚወስነው መልቀቅ ያለመቻልሽ ነው፣ ሥራው አይደለም። ለዚህ ነው ክልከላው ትክክል ነው የምለው።

አደራረጉ እንዲህ ነው። በስልክ አትከራከሪ፤ ስልክ ምስክር የለውም። በኢሜይል ሦስት ዐረፍተ ነገር ጻፊ፦ ቤቱ ውስጥ እቀጥላለሁ፤ የጠየቃችሁት 180 ፓውንድ በ2019ኙ ሕግ ከተፈቀዱት ክፍያዎች ውስጥ ስለሌለ አልከፍልም፤ ተፈቅዷል የምትሉ ከሆነ አንቀጹን በጽሑፍ ላኩልኝ። ግልባጩን ለአከራዩም አድርጊ፤ ብዙ አከራይ ኤጀንቱ በስሙ ምን እየጠየቀ እንደሆነ አያውቅም፣ ቅጣቱ ደግሞ እሱንም ሊነካው ይችላል። አብዛኛው ጉዳይ እዚህ ላይ ያበቃል።

ኪራይሽን በቀኑ ክፈዪ። ቀድሞ የከፈልሽ ከሆነም በገዛ እጅሽ ከኪራይ ላይ አትቀንሺ፤ ትክክለኛ ሆነሽ ሳለ «ውዝፍ ኪራይ አለባት» የሚል ወረቀት ትሰጫቸዋለሽ። ለሚቀጥለው ኪራይ እንዲታሰብልሽ ከተስማማችሁ ይቻላል፣ በጽሑፍ ይሁን።

ለከፈላችሁት፦ ደረሰኙን፣ የባንክ ስቴትመንቱን፣ የጠየቁበትን ኢሜይልና ኮንትራቱን በአንድ ፋይል ሰብስቡና በ14 ቀን ውስጥ እንዲመልሱ ጻፉ። ካልመለሱ ሦስት በር አለ። አንዱ የንግድ ሕግ መከበሩን የሚቆጣጠረው የካውንስሉ ክፍል፣ ትሬዲንግ ስታንዳርድስ ነው፤ ሕጉ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 5,000 ፓውንድ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ለተደገመ ደግሞ የወንጀል ክስ ወይም እስከ 30,000 ፓውንድ ቅጣት አስቀምጧል። ሁለተኛው ገንዘቡ እንዲመለስ በቀጥታ ለመጀመሪያ ደረጃ ትራይቢውናል ማመልከት ነው። ሦስተኛው ኤጀንቱ አባል የሆነበት የቅሬታ ሰሚ ድርጅት ነው፤ እያንዳንዱ ኤጀንት ፕሮፐርቲ ኦምቡድስማን ወይም ፕሮፐርቲ ሪድረስ ከሚባሉት ከአንዱ አባል የመሆን ግዴታ አለበት። እዚያ ግን መጀመሪያ ለኤጀንቱ መደበኛ ቅሬታ አስገብታችሁ ስምንት ሳምንት መጠበቅ አለባችሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ሄዶ ይመለሳል። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት ዘንድ ሂዱ፣ በነፃ ነው።

«እምቢ ካልኩ ያስወጡኛል» የሚለው ፍርሃት ቀድሞ መሠረት ነበረው፤ አከራይ ያለ ምክንያት በሁለት ወር ማስታወቂያ ማስወጣት ይችል ነበር። ሴክሽን 21 የሚባለው ያ መንገድ ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ተዘግቷል። አሁን በሕጉ የተዘረዘረ ምክንያት አቅርቦ በፍርድ ቤት ማሳመን አለበት፤ ማደሻ አለመክፈል ከምክንያቶቹ ውስጥ የለም።

ይህ ሁሉ የማይመለከታቸውም አሉ። ሬስቶራንት ወይም ሱቅ የተከራያችሁ፣ በድርጅት ስም ቤት የያዛችሁ፣ የካውንስልና የሃውዚንግ አሶሴሽን ተከራዮች በዚህ ሕግ አትሸፈኑም፤ ለንግድ ቤት ማደሻ የሚገዛው በውላችሁ ነው፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሶሊሲተር ያንብበው። ዌልስ ያላችሁ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ የራሳችሁ ተመሳሳይ ክልከላ አላችሁ። ስኮትላንድ ውስጥ እንዲህ ያለው ክፍያ ክልክል መሆኑ በ2012 ግልጽ ተደርጓል፤ ከዲሴምበር 2017 ወዲህ የተፈረመ የግል ኪራይም ማብቂያ ቀን ስለሌለው ግላስጎው ላይ «ማደሻ» ያላችሁ ኤጀንት ካለ ኢሜይሉን ሳትሰርዙ አስቀምጡ።