የተጠናቀቀ ሙዚቃ በምን ዓይነት ፋይል ይውጣ? ጥያቄና መልስ

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በለገጣፎ በየመኖሪያ ቤታቸው አነስተኛ ስቱዲዮ አደራጅተው የሚያቀናብሩ ወንድሞችና እኅቶች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ ሥራዬን ጨርሼ ኤክስፖርት ስል ፕሮግራሙ ብዙ ዓይነት ፋይል ያቀርብልኛል። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ አስቀድመው ዋቭ (WAV) የተባለውን ፋይል ያውጡ። ዋቭ ድምፁን ሳያምቅ እንዳለ ስለሚያስቀምጥ ሌሎቹን ሁሉ ከእርሱ መቅዳት ይቻላል። ፕሮጀክቱ የተሠራበት ሳምፕል ሬት፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚያሳየው ቁጥር፣ 44.1 ኪሎ ኸርዝ ከሆነ በዚያው፣ በ48 ከሆነም በ48 ይውጣ፤ የእያንዳንዱ ልኬት ዝርዝርነት፣ ማለትም ቢቱ፣ 24 ይሁን። በ44.1 የተቀረጸን ዘፈን በ96 ማውጣት ፋይሉን ያገዝፈዋል እንጂ በቀረጻው ጊዜ ያልነበረ ድምፅ አይጨምርለትም።

ጥያቄ፦ በኤምፒስሪ ሳወጣው ጽናጽሉ ውኃ ውኃ ይላል፤ ጭብጨባውም ደብዝዟል። ችግሩ ከሚክሱ፣ ማለትም ድምፆቹን ካመጣጠንኩበት ሥራ፣ ነው?

መልስ፦ ዋቩ ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ከሆነ ሚክስዎን አይንኩት። ኤምፒስሪ ፋይሉን የሚያሳንሰው ጆሮ አይለየውም ተብሎ የተገመተውን ድምፅ እየጣለ ሲሆን፣ በሰከንድ በ128 ኪሎ ቢት ሲወጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ16 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ይቆረጣል፤ የጽናጽል ጥራት በእጅጉ የሚጎዳውም ይህ ቀጭን ድምፅ ሲነካ ነው። በጭብጨባና በከበሮ ምት ላይ ሌላ ችግር አለ፦ ድምፁ በአጫጭር ቁራጮች ተከፋፍሎ ስለሚታመቅ፣ በአንዱ ቁራጭ ውስጥ የተፈጠረው ስሕተት በሙሉ ቁራጩ ላይ ይሰራጭና ምቱ ገና ሳያርፍ ከፊቱ ስስ ሹክሹክታ ይቀድመዋል። ዘፋኙ ዝም ብሎ ጭብጨባው ብቻውን የሚሰማበትን ቦታ በጆሮ ማዳመጫ ደጋግመው ያድምጡት፤ ልዩነቱ በግልጽ የሚታወቀው እዚያ ነው። ስለዚህ በ320 ያውጡት። አንድ ደቂቃ 2.4 ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል፤ በሲዲ ደረጃ፣ ማለትም በ16 ቢትና በ44.1፣ የወጣ ስቴሪዮ ዋቭ ግን በደቂቃ ከ10 ሜጋ ባይት በላይ ይይዛል። ለኢንተርኔት ጥቅል ሲባል ወደ 128 መውረድ፣ በእኔ እምነት፣ ለባህል መሣሪያዎቻችን ፈጽሞ አይገባም።

ጥያቄ፦ በእጄ የቀረው ኤምፒስሪው ብቻ ነው፤ ደንበኛዬ ግን ዋቭ ይፈልጋል። ብቀይረውስ?

መልስ፦ ስሙ ዋቭ ይሆናል፤ የተጣለው ድምፅ ግን አይመለስም። ፕሮጀክቱ ካለ ከፍተው እንደ አዲስ ያውጡት፤ ከሌለ ለደንበኛው እውነቱን ይንገሩት። ለወደፊቱ የማስቀመጫ ቦታ የሚያሳስብዎ ከሆነ ፍላክ (FLAC) የተባለው የፋይል ዓይነት አለልዎት፤ ከዋቭ እያነሰ አንዲት ቢት እንኳ ሳያጎድል ይመልሳል።

ጥያቄ፦ ዘፈኑን የመጨረሻ ማስተካከያ ለሚያደርግለት የማስተሪንግ ባለሙያ ፋይሉን በምልክበት ጊዜስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለድምፅ ማጉላት ብቻ ብለው በማስተሩ፣ ማለትም ሁሉም ድምፅ በሚያልፍበት የመጨረሻ መውጫ፣ ላይ የጫኑትን ሊሚተር (የድምፁን ጣሪያ የሚገድበውን መሣሪያ) አንስተው በ24 ቢት ወይም 32 ቢት ፍሎት በሚባለው ምርጫ ያውጡ። ዲተር፣ ማለትም የቢት መቀነስ የሚፈጥረውን መዛባት የሚሸፍን ስስ ጫጫታ፣ የሚያስፈልገው ቢቱ ሲቀነስ፣ ለምሳሌ በመጨረሻ ወደ 16 ሲወርድ ነው። የተለያዩ ትራኮችን ከጠየቀዎ ሁሉም ከአንድ መነሻ ይጀምሩ፤ ማሲንቆው የሚገባው በሁለተኛው ደቂቃ ቢሆንም ፋይሉ ከዜሮ ጀምሮ ዝምታውን ይዞ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ባለሙያው ቦታውን በግምት ሲፈልግ ይውላል። የዘፈኑን ቴምፖም (የምቱን ፍጥነት) ጽፈው ይላኩለት።

ጥያቄ፦ ለቪዲዮ ክሊፕስ?

መልስ፦ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ዋቭ።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን መብራት ይቆራረጣል። ኤክስፖርት እያደረግሁ ቢጠፋብኝ ፋይሉ ይተርፋል?

መልስ፦ አይመኑት። በከፊል የተጻፈ ፋይል ተከፍቶ ሊጫወት፣ መጨረሻው ግን ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። ሰርዘው እንደገና ያውጡ፤ ከዚያም የመጨረሻው የሪቨርብ (የድምፅ ማስተጋባት) ጭራ ከስሞ እስኪያልቅ አዳምጠው ይላኩ። በቴሌግራም ሲልኩም ዋቩን በፋይልነት ያያይዙት እንጂ ከስፒከር ላይ በድምፅ መልእክት ቀድተው አይላኩ።