ስለ ግራፊን ሴንሰር ለጠየቃችሁኝ

ከግራፊን (አንድ አተም ብቻ ከሚወፍር የካርቦን ንጣፍ) የተሰራ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ከረንት የሚያልፍበት ጫፍ፣ የበሽታ ምልክት የሆኑ ሞለኪውሎችን ይለያል ብዬ ከጻፍኩ በኋላ የመጡ ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ግራፊን እርሳስ ውስጥ ያለው ነገር ነው የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ የእርሳሱ ግራፋይት የግራፊን ድርብርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ማንቸስተር ላይ ጋይምና ኖቮሴሎቭ የተባሉ ሳይንቲስቶች በፕላስተር እየላጡ አንድ አተም ብቻ የሚወፍረውን ለዩት፣ በ2010 ኖቤል ተሸለሙበት።

ጥያቄ፦ ካርቦን ኮሮናን ከሌላ ቫይረስ በምን ያውቀዋል?

ካርቦኑማ አያውቅም፣ የሚያውቀው ላዩ ላይ የሚለጠፈው አንቲቦዲ ነው፣ አንድን ቫይረስ ብቻ መርጦ የሚይዝ ፕሮቲን። ግራፊን ግን አተሞቹ በሙሉ ላይ ላዩን ስለሆኑ ቻርጅ ያለው ነገር ሲጠጋው የሚያልፍበት ከረንት ወዲያው ይቀየራል። በ2020 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እንደዚህ አርገው ከአፍንጫና ጉሮሮ ናሙና ቫይረሱን ለይተውታል፣ እንደ ፒሲአር (የተለመደው የኮሮና ላብራቶሪ ምርመራ) ጂን ማባዛት ሳያስፈልግ።

ጥያቄ፦ ላብ ቴክኒሻን ነኝ፣ ይሄን ያህል ጎበዝ ከሆነ ለምን እኛ ጋር አልደረሰም?

ዋናው ነገር ጨው ነው። ደም ጨዋማ ነው፣ አዮኖቹ የፕሮቲኑን ቻርጅ ከበው 1 ናኖሜትር እንኳን ሳይሞላ ይሸፍኑታል፣ አንቲቦዲው ደግሞ ወደ 10 ናኖሜትር ስለሚረዝም ጫፉ ላይ የተያዘውን ፕሮቲን ግራፊኑ በደንብ አይሰማውም። የኮሪያዎቹን ውጤት ራሱ እዩት፣ በንጹህ በፈር (ላብራቶሪ ውስጥ በሚዘጋጅ ንጹህ የጨው ውሃ) በሚሊሊትር 1 ፌምቶግራም (የግራም ኳድሪሊዮንኛ) ብቻ ሲኖር ያገኘው ሴንሰር በናሙና ማጓጓዣው ፈሳሽ ለማግኘት 100 ፌምቶግራም አስፈልጎታል። መፍትሄ የለም ማለት አይደለም፣ ናሙናውን ማቅጠን አለ፣ በአንቲቦዲ ፋንታ አጠር ያለ አፕታመር (እንደ አንቲቦዲ የሚይዝ አጭር የዲኤንኤ ወይም የአርኤንኤ ክር) መጠቀም አለ፣ ግን ናሙናው ውስጥ ያለ ሌላ ፕሮቲን ግራፊኑ ላይ እየተለጠፈ ያስቸግራል፣ ቺፕ ከቺፕም ይለያያል። ስለዚህ አዲስ ግኝት ተብሎ ስታነቡ መጀመሪያ የተሞከረው በበፈር ነው በደም የሚለውን ፈልጉ፣ እኔ ሌላውን ቁጥር የማየው ከዛ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባት፣ የግራፊኑን ማሽን ልጠብቅ?

እባክሽ አትጠብቂ፣ አሁን ባለው ትለካ። ስኳር ደም ውስጥ በሊትር ወደ 1 ግራም አለ፣ የተለመደው ስትሪፕ በኢንዛይም ያገኘዋል። ግራፊን የሚፈለገው በሊትር በናኖግራም ለሚቆጠሩት ነው፣ ለምሳሌ ልብ ሲጎዳ ለሚወጣው ትሮፖኒን።

ጥያቄ፦ ክሊን ሩም (ቺፕ የሚሰራበት ከአቧራ የጸዳ ክፍል) የሌለው ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው፣ ምን ልስራ?

በ2014 ራይስ ዩኒቨርሲቲ ፖሊኢማይድ ፕላስቲክን በሌዘር መቁረጫ አቃጥለው ግራፊን አውጥተዋል። ስፖንጅ የመሰለ ስለሆነ እንደ ኮሪያዎቹ ሴንሰር ላለ ትራንዚስተር አይሆንም፣ ለኤሌክትሮድ ግን በጣም ይመቻል። ፖቴንሽዮስታት (ኤሌክትሮድ ላይ ቮልቴጅ እየቀየረ ከረንት የሚለካ መሳሪያ) ካላችሁ ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ከቫይታሚን ሲና ከዩሪክ አሲድ ለይቶ በማንበብ ጀምር፣ በተራ ካርቦን ላይ የሶስቱ ፒክ (ከረንቱ ከፍ የሚልበት ጫፍ) ይደራረባልና ልዩነቱን ራስህ ታየዋለህ።