የአባትሽን ባሕር ዛፍ ቁረጪ፣ ጽዶቹን ተያቸው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዲስ አበባ ውስጥ ዮጋ አስተምራለሁ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ከአባቴ የወረስኩት ይዞታ አለኝ። አባቴ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የተከለው ባሕር ዛፍና ሦስት ያረጁ ጽዶች አሉበት። እዚያ ዐሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ የዮጋና የተመስጦ አዳራሽ፣ አጠገቡም አራት ትናንሽ ማረፊያ ቤቶች፣ ሁሉንም በእንጨት መሥራት እፈልጋለሁ። የምሥራቁ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መስታወት ቢሆን ብዬ አስባለሁ። ያነጋገርኩት አናጺ ግን «ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ ዝግባና ዋንዛ በርካሽ አመጣልሻለሁ» አለኝ። ቦታውን ሳልጎዳ እንዴት ልሥራው?
እ.ም.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ከአናጺው ቃል ልጀምር። ባሕር ዛፍ ይጣመማል ያለው እውነቱን ነው። ርካሹን ዝግባና ዋንዛ ግን አትቀበዪው። ዝግባን፣ ዋንዛን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ ያ አዋጅ ኋላ በሌላ ቢተካም ጥንቃቄው ዛሬም ያው ነው። ሻጩ እንጨቱ ከየት እንደወጣ የሚያሳይ መሸኛ ከሌለው፣ ከቀረን ጥቂት ደን የተሰረቀ ነው ብለሽ ቁጠሪው። የወፍ ዋሻ የተፈጥሮ ደን እኮ ከአንቺ ቦታ ሩቅ አይደለም። እዚያ የቆመን ዝግባ አስጥሎ፣ በሳንቃው ላይ ሰው ጸጥታ ፍለጋ እንዲቀመጥ መጋበዝ እኔን አይዋጥልኝም።

አባትሽ የተከለልሽ በቂ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲገባ የማገዶን ችግር ሊያቃልል ነበር፤ እኛም እስከ ዛሬ ከማገዶና ከአጠና በላይ አናየውም። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በደንብ ከደረቀም ጠንካራ ሳንቃ ይወጣዋል። ግንዱ ውጥረት ያለበት ስለሆነ ሲሰነጠቅ መጣመም ይወዳል። የሚያባብሰው ግን የእኛ ጥድፊያ ነው፤ ዛሬ ቆርጠን ለሳምንቱ እንቸነክረዋለን። እኔም ወጣት ሳለሁ ለአንድ ቤተሰብ የሳሎን ወለል ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ሠርቼ ነበር። በስድስተኛው ወር በሳንቃዎቹ መሐል ጣት ይገባ ጀመር። አያትየው ሌሊት ለጸሎት ሲነሡ ወለሉ እየጮኸ ልጆቹን ይቀሰቅስባቸዋል። ሄጄ ነቅዬ በራሴ ወጪ ደግሜ ሠራሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ያልደረቀ ሳንቃ ላይ ምስማር መትቼ አላውቅም።

ስለዚህ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አስቆርጪ። ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት እያደረግሽ ሳይውል ሳያድር አሰንጥቂው። ውኃው በጫፎቹ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣና ስንጥቁም ከዚያ ስለሚጀምር፣ ጫፍና ጫፉን ወፍራም ቀለም ቀቢው። ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ በየረድፉ መሐል ቀጫጭን ርብራብ እያስገባሽ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ደርድሪው፤ ከላይ ድንጋይ ጫኚበት። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቂ። መድረሱን ለማወቅ አንዱን ሳንቃ ምልክት አድርገሽ በየሁለት ሳምንቱ በሚዛን መዝኚው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል።

አሁን ወደ አዳራሹ። ለአንድ ሰው አራት ካሬ ሜትር ያስፈልገዋል፤ እጁን ዘርግቶ ሲተኛ ጎረቤቱን እንዳይነካ። ለዐሥራ ሁለቱ አርባ ስምንት፣ ለአንቺና ለመግቢያው ስምንት ጨምሪ፤ ሰባት በስምንት ሜትር ይበቃሻል። ወለሉ በድንጋይ መሠረት ላይ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከሥሩ ነፋስ ይለፍ። በዚያ ብርድ ምስጥ እንደ ቆላው አያስቸግርም፤ እርጥበት ግን ያበሰብሳል። ሞራሌዎቹን በየአርባ ሳንቲ ሜትሩ አስቀምጪ፤ ሳንቃውን በምስማር ሳይሆን በብሎን እሰሪው። ምስማር ሲላላ ሳንቃው ይፋተግበታል፤ ያ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ስለ ጣሪያው በደብዳቤሽ ምንም አላነሣሽም፤ እኔን ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በዚያ አምባ ዝናብና በረዶ ባዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የአስተማሪ ድምፅ አይሰማም። የሣር ክዳን ጸጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን እሳት ያሰጋዋል፣ በየጊዜውም መታደስ ይፈልጋል። እኔ ብሆን ቆርቆሮውን ከላይ አድርጌ፣ ከታች በሳንቃ ኮርኒስ እሠራና በመሐላቸው የታጠበ የበግ ጠጉር በወፍራሙ እሞላለሁ። ጠጉሩን በቦራክስ ውኃ ነክሮ ማድረቅ ከብል ይጠብቀዋል። የበግ ጠጉር በመንዝ ሞልቷል፤ ድምፁንም ብርዱንም ይይዝልሻል።

ብርድ ካነሣን ዘንድ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ነሽ፤ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ታውቂዋለሽ። የመስታወት ግድግዳ ሌሊት ሙቀቱን ሁሉ ያስወጣብሻል፣ ወፎችም ይጋጩበታል። ይልቅ በምሥራቅ በኩል ረዘም ያለ አንድ መስኮት ይኑር፤ ከወለሉ ከአርባ ሳንቲ ሜትር ተነሥቶ እስከ አንድ ሜትር ከሃያ። ሰው እግሩን አጣጥፎ ሲቀመጥ ዓይኑ ከሰባ እስከ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሚሆን፣ የጠዋቱ ፀሐይ ፊቱ ላይ ያርፋል። ነፋስ የሚመታውን ግድግዳ ከማሳው በተለቀመ ድንጋይ ሥሪው፤ ሁሉም የግድ እንጨት መሆን የለበትም። ማታ ማታ በመስኮቱ ላይ የመንዝ ባና ይጋረድ።

አናጺዎች የቋሚን ታች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባሉ። እባክሽ ይህን አትፍቀጂ፤ አፈሩን ይመርዛል፣ ሽታውም አይለቅም። ቫርኒሹንም ተይው፤ ሰው በጥልቀት እንዲተነፍስ የምታስተምሪበት ቤት ነው። ለወለሉ የተፈላ የተልባ ዘይት በስሱ፣ ሦስት ጊዜ፣ በየመሐሉ እያደረቅሽ። ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን አጣጥፈሽ አታስቀምጪ፤ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል፤ ዘርግተሽ ደጅ አድርቂው።

ማረፊያ ቤቶቹን ለጊዜው እርሺያቸው። እንግዶችሽ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ደብረ ብርሃን ይደሩ።

ጽዶቹን በተመለከተ፣ ለአዳራሹ ቦታ ስትመርጪ ቅርንጫፋቸው ከሚደርስበት ጫፍ ውጪ ሁኚ፤ ከዚያ ውስጥ መሠረት መቆፈር ሥሮቻቸውን ይቆርጣል። እንጨቱ እስኪደርቅ ባለው ዓመት ማለዳ ማለዳ ምንጣፍሽን ይዘሽ ሦስት አራት ቦታ እየቀያየርሽ ተቀመጪ፤ አንዴ በጥር፣ አንዴ በሐምሌ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ የመኪናው ድምፅ የት እንደማይደርስ፣ ፀሐይዋ መጀመሪያ የትኛውን ጽድ እንደምትነካ መዝግቢ፤ ከዚያ ችካሉን ትከዪና መለኪያውን ላኪልኝ። ንድፉን አብረን እናየዋለን።