ጎማው ሲፍቅ ፒካፑን እንደገና ከፍ ማድረግ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ቶዮታ ሃይሉክስ ሪቮ አለኝ፣ እ.ኤ.አ. የ2016 ሞዴል። መኪናውን 2 ኢንች ከፍ የሚያደርግ ሊፍት አስገጥሜ 265/65 ባለ 17 የነበረውን ጎማ በ285/70 ቀየርኩት። አሁን መሪውን እስከ መጨረሻ ስጠመዝዝ የፊት ጎማው ይፍቃል። አንድ ጋራዥ «ከሞላው በላይ 1 ኢንች ስፔሰር (ማራራቂያ) እንጨምርበት» አሉኝ። ላስጨምር?

መልስ፦ አታስጨምር ወንድሜ። ቢያንስ የሚፍቀው የቱ ጋ እንደሆነ ሳታይ አታስጨምር።

መሪ ሲዞር ብቻ የሚፍቅ ከሆነ ነገሩ የከፍታ አይደለም። ትልቁ ጎማ ሲዞር ከኋላው ያለውን ፕላስቲክ ወይም የፊት መከላከያውን ጥግ ያገኘዋል። መኪናውን ብትሰቅለው ጎማው ያንኑ መስመር ነው የሚዞረው። ጭነህ ጉድጓድ ስትገባ ደግሞ ጎማው ወደ ላይ የሚደርስበት የመጨረሻ ቦታ ከሊፍቱ በፊት ከነበረው ብዙም አይለይም። ሊፍት መኪናው ቆሞ ሲታይ ነው ሰፊ ክፍተት የሚያሳይህ።

አሁን ወደ ስፔሰሩ። በሃይሉክስ ፊት ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ የተቀመጡት ጎማው ጋ ሳይሆን ወደ ታችኛው አርም (ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያዘው ክንድ) መሃል ገባ ብለው ነው። ስለዚህ ከላይ 1 ኢንች ስታስገባ ጎማው ጋ ወደ 2 ኢንች ሆኖ ይወጣል። ካለህ 2 ኢንች ጋር ሲደመር 4 ሊጠጋ ነው። ይሄን ሳይነግሩህ ከሆነ ተጠራጠር። በዚህ ከፍታ ወደ ፊት ጎማ ኃይል የሚወስደው ዘንግ ከመጠን በላይ ያዘነብላል። መጀመሪያ የሲቪ ጆይንቱ (የዘንጉ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) የላስቲክ ልባስ ይቀደዳል፣ ግራሱ ይረጫል፣ አቧራ ይገባል። ከዚያ መሪ ስትጠመዝዝ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። የላይኛው አርም ጎማው ሲንጠለጠል ሞላውን ሊመታ ይችላል፤ አርሙን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ቦል ጆይንትም ከአቅሙ በላይ ይወጠራል። መኪናው ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ስለሚያልቅበት እያንዳንዷን ጉድባ በወገብህ ትቆጥራታለህ። በዚህ መኪና 2 ኢንች በቂ ነው ባይ ነኝ።

ይልቅ ይህን አድርግ። ጎማውን ጠመኔ ቀባና መሪውን በሁለቱም አቅጣጫ እስከ መጨረሻ አዙረህ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ንዳ። የነካበት ቦታ ነጭ ይሆናል። ከጎማው ኋላ ከሆነ አላይመንት የሚሠራውን ሰው «ካስተር ጨምርልኝ» በለው። ካስተር ማለት ጎማው መሪ ሲዞር የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያለው ዘመም ነው። ሊፍት ካስተርን ይቀንሳል፤ ሲጨመር ጎማው ትንሽ ወደ ፊት ይመጣል፣ መሪውም ይረጋል። ከሊፍቱ በኋላ አላይመንት ካላሠራህማ ከዚሁ ጀምር። የተረፈውን ፕላስቲኩን በሙቀት አለስልሶ ወደ ኋላ መግፋት ወይም በጥቂቱ መቁረጥ ነው።

ቸርኬም ቀይረህ ከሆነ ጀርባው ላይ «ET» (ኢቲ) ከሚለው ምልክት ጎን ያለውን ቁጥር ከድሮው ጋር አስተያይ። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲዞርም ሰፋ ያለ ቦታ ይጠርጋል። ለቁመና ያምራል፤ ብዙ ጊዜ የመፋቁ ምክንያት ግን እሱ ነው።

ጎማው ገና አዲስ ሆኖ መሸጥ ከቻልክ 265/70 ባለ 17ን አስብበት። የአንተ 285/70 ዲያሜትሩ ወደ 831 ሚሊ ሜትር ነው፣ የፋብሪካው 776። የኋላ ዲፈረንሻልህ ከመሬት የራቀው በልዩነቱ ግማሽ፣ በ27 ሚሊ ብቻ ነው። ሊፍቱ እሱ ላይ ምንም አልጨመረም። 265/70 ወደ 803 ነው፤ ከ27ቱ ግማሹን ይሰጥሃል፣ ስፋቱም ያው የድሮው ስለሆነ ጣጣው ያንሳል።

አሁን ባለህ ጎማ ፍጥነት መለኪያው 100 ሲል በተግባር ወደ 107 እየሄድክ ነው፤ ልብ በል። ዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ ወደ ታች ማውረድ ሊኖርብህ ይችላል።

ከኋላ ባሌስትራው ሲነሳ የፍሬን ቱቦው ተወጥሮ እንዳይቀር አሳይ። ጭነቱን አይቶ የኋላ ፍሬኑን የሚመጥን ቫልቭ ካለው ደግሞ ማገናኛው እንዲስተካከል አድርግ። አለዚያ መኪናው ተጭኖም ባዶ ነኝ ይላል፤ የኋላ ፍሬኑ ይደክማል። ትርፍ ጎማውንም አትርሳ። ትንሹን አስገብተህ በፎር ዊል ደረቅ አስፋልት ላይ ከነዳህ ዲፈረንሻሉን ትጎዳዋለህ።