«አውሮፓ ሆነሽ እንዴት ገንዘብ የለሽም?»

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

የ23 ዓመት ልጅ ነኝ። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ አባቴ ግን የወለጋ ሰው ነው። ቤተሰባችን መካነ ኢየሱስ ነው የሚያመልከው። ከሰባት ወር በፊት ለአንድ ዓመት በጎ ፈቃድ አገልግሎት በቤተ ክርስቲያን በኩል ጀርመን መጣሁ። የማገለግለው በሰሜን ጀርመን፣ በታችኛው ሳክሶኒ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ በአረጋውያን መኖሪያ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እገባለሁ። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጠውን አጎርሳለሁ። ማጉረሱ አልከበደኝም፤ ከቤቴ ይዤው የመጣሁት ነው። የከበደኝ ዝምታው ነው። ማታ ቀዝቃዛ ዳቦና አይብ ተበልቶ 1 ሰዓት ሲሆን መንገዱ ላይ ሰው የለም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሃያ ሰው ቢሞላ ነው፤ ከእኔ በቀር ሁሉም ፀጉራቸው የሸበተ ነው።

አንዲት የ91 ዓመት እናት አሉ። ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰሙ «አይራ!» አሉ። ልጅ ሳሉ ከእናታቸው ጋር አሮጌ አንሶላ እየቀደዱ ወለጋ ላለው የአይራ ሆስፒታል ፋሻ ይጠቀልሉ ነበር። አባቴ ልጅ ሆኖ የታከመው እዚያ ነው። በስልክ ስነግረው ለጥቂት ጊዜ መናገር አቃተው።

ጭንቀቴ ሌላ ነው። ማደሪያና ምግብ አለኝ፣ ኢንሹራንስ አለኝ፣ በወር 420 ዩሮ የኪስ ገንዘብ ይሰጠኛል። ለእናቴ ግን «ሆስፒታል ተቀጥሬያለሁ» ብያታለሁ፤ ጎረቤት ሲጠይቃት እንዳታፍር ብዬ። አሁን ታላቅ ወንድሜ ለባጃጅ ቅድመ ክፍያ 100 ሺህ ብር ላኪ ይለኛል። የለኝም ስለው «አውሮፓ ሆነሽ እንዴት ገንዘብ የለሽም?» አለኝ። ሁለት ጊዜ 200 ዩሮ ልኬ ክረምቱን ያለ ደህና ጫማ አሳለፍኩት።

ባለፈው ወር ደግሞ ቅዳሜ ማታ ሰው ጎድሎ 14 አረጋውያን ያሉበትን ፎቅ ብቻዬን ይዤ ቀረሁ። አንድ አባት ወደቁ። ደርቄ ቀረሁ። እግዚአብሔር ይመስገን አልተጎዱም፤ እስከ ዛሬ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ይባስ ብሎ «እዚሁ ቆይተሽ ነርስነት ተማሪ» ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያኔን ግን እመለሳለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ምን ላድርግ?

ልጅዎ፣ ከሰሜን ጀርመን

———

የኔ ልጅ፣

ከቅዳሜው ማታ ልጀምር፤ እሱ ነገ ሊደገም ይችላል። በጀርመን ሕግ በጎ ፈቃደኛ የሚመጣው ሊያግዝ ነው እንጂ የባለሙያን ቦታ ሊሸፍን አይደለም። ያንን ፎቅ ብቻሽን መያዝሽ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። መናገር ግን አለብሽ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሆነውን በአንድ ገጽ ጻፊና ሥራሽን እንዲከታተል ለተመደበልሽ ሰው ስጪ። ካልሰማሽ ወዳመጣሽ ድርጅት ውሰጂው። በዓመት ውስጥ 25 የሴሚናር ቀናት አሉሽ አይደል? አስተባባሪዎቹ እዚያ ያገኙሻል፤ እንዲህ ያለውን ነገር መስማት ሥራቸው ነው። ይህን የምትናገሪው ለራስሽ ብቻ አይደለም። ለወደቁት አባትም ጭምር ነው።

አሁን ወደ እናትሽ። ያልሽው ውሸት ከፍቅር እንደመጣ አውቃለሁ። እኔም ጀርመን ተማሪ ሳለሁ ሳህን እያጠብኩ ለቤተሰቤ «ቢሮ ነው የምሠራው» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በደወሉልኝ ቁጥር ሆዴ ይታመም ነበር። ለወንድምሽ አስቀድመሽ አትንገሪ። መጀመሪያ ለእናትሽ ደውይ፤ ብቻዋን በምትሆንበት ሰዓት። እንዲህ በያት፦ «እማዬ፣ ተቀጣሪ አይደለሁም፣ አገልጋይ ነኝ። ቤትና ምግብ ይሰጡኛል፣ ለኪሴ 420 ዩሮ። ደህና ነኝ፣ ግን የምልከው የለኝም።» ቁጥሩን አትደብቂ። ቁጥር ካልሰማ ሰው አያምንም። ደግሞ እናትሽ ሳታፍር ለጎረቤት የምትነግረው ነገር አለ፤ ልጇ ቤተ ክርስቲያን ልካት ሽማግሌዎችን ትጦራለች። በእኛ አገር ይህ ምርቃት የሚያሰጥ ሥራ ነው።

ወንድምሽ ሊቆጣ ይችላል፤ ይቆጣ። ለባጃጁ ብለሽ አትበደሪ። ከቻልሽ ለበዓል ትንሽ ነገር ላኪ፣ ከዚያ ግን አትለፊ። የመጀመሪያው ገንዘብ ለጫማ ይሁን።

ስለ ዝምታው ግን ትንሽ ልቆይ። በእኛ ዘንድ ጎረቤት ቡና ጠርቶ ነው ወዳጅ የሚያደርግሽ። እዚያ ቤትሽ መጥቶ የሚያንኳኳ አትጠብቂ፤ አብረሽ አንድ ነገር ስትሠሪ ነው የሚቀርቡሽ። በዚያ አካባቢ ብዙ አጥቢያዎች ፖዛውነንኮር የሚሉት የመለከት ጓድ አላቸው። ጀማሪን ያስተምራሉ፣ መሣሪያውንም ብዙውን ጊዜ ያውሳሉ። አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅም ሰማንያ የሞላው ሽማግሌም አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጠው ይነፋሉ። መንፋት ባትችዪም ሂጂ። እኔን ከብቸኝነት ያወጣኝ የማክሰኞ ማታ ልምምድ ነው። እስከ ዛሬ የሚደውሉልኝ ጀርመኖች ከዚያ ያገኘኋቸው ናቸው።

ስለ መቆየት፦ አውስቢልዱንጉ፣ ማለትም እየሠሩ የሚማሩት የነርስነት ሙያ ሥልጠና፣ መልካም ዕድል ነው። ሦስት ዓመት ነው፣ እየተማርሽ ደሞዝ ይከፈልሻል። ቋንቋው ግን ጠንከር ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቢ2 የሚባለውን የጀርመንኛ ደረጃ ይጠይቃሉ። መኖሪያ ፈቃድሽ ሳያልቅ ውልና ማመልከቻ መያዝ አለበት፣ ስለዚህ አምስት ወር ረጅም አይደለም። ከእናትሽ ጋር ሳትነጋገሪ ግን አትወስኚ፤ ብር ለመላክ ብለሽ የቆየሽበት ሥራ ቶሎ ይመርርሻል። ብትቆዪ ለቤተ ክርስቲያንሽ አሁኑኑ ጻፊላቸው፤ ከሰው አፍ አይስሙት። ብትመለሺም አዛውንት መንከባከብ ተምረሽ ነው የምትመለሺው። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቻቸው ውጭ አገር ሄደው ብቻቸውን የቀሩ ስንት እናቶችና አባቶች እንዳሉ ታውቂያለሽ።

ያን ፋሻ የጠቀለሉትን እናት አስፈቅደሽ ድምፃቸውን በስልክሽ ቅጂልኝ። አንሶላው ምን ዓይነት እንደነበር፣ ማን ይሰበስበው እንደነበር፣ ስለ አይራ ምን ይነገራቸው እንደነበር ጠይቂያቸው። ከዚያው ከታችኛው ሳክሶኒ የተነሱት የሄርማንስቡርግ ሚሲዮናውያን አይራ የደረሱት በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከቤታቸው ሆነው ፋሻ የጠቀለሉላቸውን ልጆች ግን የመዘገበ ብዙ የለም። 91 ዓመታቸው ነው፣ በዚህ ሳምንት አድርጊው። ከዚያ አጠገባቸው ሆነሽ ለአባትሽ ደውይና ሁለቱን አገናኚያቸው፤ መሃል ላይ ሆነሽ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ።